የአቶ ምናሉ አህዮች

አውሮራ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእድላዊት፤

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደህና ነው፤ እየበላሁ ነው፤ ማሞቂያውንም አላጠፋሁትም። የጠየቅሽኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መለስኩልሽ፤ አሁን ረጋ ብለን እንጫወት።

ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ እንደምልክልሽ ሥራ ቦታ ስነግራቸው ሳቁብኝ። ስልክ እያለ አሉኝ። እኔና አንቺ ስልክ ላይ ገና ሰላም ሳንባባል "መቼ ነው የምትመጪው"፣ "እማዬ ደግሞ ጀመርሽ" እንደምንባባል አያውቁም። ወረቀት ላይ ግን ተጣልተን አናውቅም። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የምትወጪ ከሆነም ለጭቅጭቅ ከምትወጪ ለደብዳቤ ብትወጪ ይሻላል።

አዎ፣ ቤተ ክርስቲያን ልጆቹን ማስተማሬን አልተውኩም። ባለፈው እሑድ የበለዓምን አህያ ነገርኳቸው። ሰውየው ያላየውን መልአክ እሷ እንዳየችው፣ ከመንገድ እንደወጣች፣ ደጋግሞ እንደመታት፣ በመጨረሻም አፍ አውጥታ ምን በደልኩህ እንዳለችው። ያቺ የልዕልት ልጅ ሶሲ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ከኛ በታች የሚኖሩት፣ እጇን አወጣችና በእንግሊዝኛ "አህያ የእውነት እንስሳ ነው ወይ?" አለችኝ። ለካ እንደ ዘንዶ የተረት ፍጥረት መስሏታል። ሳሉልኝ ብዬ ወረቀት ብሰጣቸው ግማሹ ፈረስ፣ ግማሹ ጥንቸል ሳለ። ይህንን ለቄስ ብርሃነመስቀል ሳጫውታቸው እስኪደክማቸው ሳቁና "እንግዲያው ዘንድሮ ለሆሳዕና እውነተኛ አህያ ይምጣ፤ ፈላጊዋ አንቺ ነሽ" ብለው ጣሉብኝ።

ዴንቨር ላይ አህያ ከየት ይገኛል ብዬ ስጨነቅ፣ አቶ ምናሉ የሚባሉ የትራክ ሾፌር ከአየር ማረፊያው ወዲያ ሜዳው ላይ መሬት ገዝተው ሁለት አህዮች እንዳሏቸው ሰማሁ። ቅዳሴ ላይ ከኋላ የሚቆሙ፣ ሳይሰናበቱ የሚወጡ ሰው ናቸው። ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ።

አንቺም አጥንት ስትለቅሚ የምትውይ ልጅ፣ ለልጆቹ የምነግራቸው ነገር ላኪልኝ። ያንን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለእናትሽ ካልጠቀመ ለማን ሊጠቅም ነው?

እናትሽ አረጋሽ


ከዮርዳኖስ ሸለቆ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ዝናብ ኮረብታውን አጭቅይቶት መውጣት አልቻልንም ነበር። ካልሲ አደርጋለሁ፤ ሹራቡም ይሞቃል።

ቁፋሮው ላይ አገኘኋት ያልኩሽ የጥንት አህያ ስም የላትም። ለኛ ቁጥር ናት። ብቻዬን ስሆን ግን "እሜቴ" እላታለሁ፤ ለማንም እንዳትነግሪ።

የቆፈርነው ቤት ከገለዓድ ኮረብቶች ግርጌ ነው፤ ትንሽ ቤት፣ ምድጃ ያለው፣ የእህል ማሰሮ የተቀበረበት። የጭቃውን ወለል ስናነሳው ከሥሩ ብቅ አለች። በጎኗ ተኝታለች፣ እግሮቿ ታጥፈዋል፣ አንገቷ ወደ በሩ ዞሯል። ሞታ የተጣለች አይደለችም እማዬ፤ ሰው በእጁ አስተኝቷታል። ከዳዊት ዘመን በፊት ይሁን በኋላ ገና አልለየንም። ጣቴን ጀርባዋ ላይ ሳሳልፍ መሃሉ ላይ ያሉት አጥንቶች ተጠፍጥፈው ሊጣበቁ ምንም አልቀራቸውም። ዕድሜዋን ሁሉ ስትጫን ኖራለች። የፊተኛውን የመንጋጋ ጥርሷን ጫፍም ልጓም ፍቆታል። ማታ ማታ ዓይኔን ስጨፍን የሰኮናዋ ድምፅ ይሰማኛል፤ ደረቅ ድንጋይ ላይ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ቤት።

ለልጆቹ እንዲህ በያቸው። የያዕቆብ ልጆች እህል ሸምተው ከግብፅ ሲመለሱ ስልቻውን ማን ተሸከመ? አቢግያ የዳዊትን ቁጣ ለማብረድ ስትወጣ እንጀራውን፣ የወይን ጠጁን፣ ዘቢቡን፣ የበለሱን ጥፍጥፍ ምን ላይ ጫነችው? አብርሃምስ በማለዳ ተነሥቶ ማንን ጫነ? የሰውየው ስም ሁልጊዜ ይጻፋል፤ የተሸከመችው ግን ስም የላትም። ግመል የሩቁ በረሃ ናት፤ በቅሎ የነገሥታት ልጆች ናት። አህያ ግን የሁሉም ነበረች፤ የባልቴቷም፣ የነቢዩም።

ከሁሉ የምወደው ንዕማንን ነው። የሶርያው ጦር አለቃ ከለምጹ ሲነጻ ምን እንደለመነ ታስታውሻለሽ? ሁለት የበቅሎ ጭነት አፈር። እኛም እዚህ የምናጓጉዘው አፈር ነው። መኪና ስለማይገባ አቡ ሳሊም የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ ከጉድጓዱ የወጣውን በቅርጫት አድርገው አህያቸው ላይ ይጭኑና ገደል ይደፉታል። አህያዋ መንገዱን ስለምታውቀው ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ትመለሳለች።

እሜቴን ለምን ወለል ሥር እንደቀበሯት ግን አላውቅም። ፕሮፌሰሩ ለቤቱ መሠረት የቀረበች መሥዋዕት ናት ይላሉ። ይሆናል።

ልጅሽ እድላዊት


አውሮራ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

እድልዬ፣

እንኳን ለጾሙ አደረሰሽ። አቶ ምናሉ ማን ናቸው፣ ለምን ሰው ርቀው ሄዱ፣ አህያ ለምን አስፈለጋቸው ብለሽ በመልእክት ለጠየቅሽኝ ሁሉ መልሱን ሄጄ አመጣሁልሽ።

ቅዳሜ በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ነዳሁ። ሱቆቹ አለቁ፣ መኪና መሸጫዎቹ አለቁ፣ ቤቶቹ እየተራራቁ ሄደው በመጨረሻ ሜዳ ብቻ ቀረ። በረዶ ጥሎ፣ በላዩ ጉም ተኝቶበት ነበር። ሰማዩ የት እንደሚያልቅ፣ ምድሩ የት እንደሚጀምር አይለይም። ፓርክ አድርጌ ወረድኩ፤ ቤትም ሰውም አይታየኝም። ቆሜ ሳለሁ ጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ጆሮ ታየኝ፤ አራት ረጃጅም ጆሮዎች፣ በአየር ላይ የተንሳፈፉ። ከዚያ ግንባር መጣ፣ ከዚያ ዓይን። ከመጽሐፍ ገጽ ላይ ወርደው የሚመጡ ነበር የመሰለኝ። አጠገቤ ደርሰው ትኩስ ትንፋሻቸውን እጄ ላይ ሲተነፍሱ ነው የነቃሁት።

ቡናማው ኮሎኔል ይባላል፤ ግራጫዋ ሩት። ስማቸውን ይዘው ነው የመጡት። ተራራው ላይ የድሮ የወርቅ ማውጫ ከተሞች አሉ፤ በበጋ የአህያ ሩጫ ይደረግባቸዋል። ሰውየው አይጋልብም፤ ገመዷን ይዞ አብሯት ይሮጣል። የድሮዎቹ ወርቅ ፈላጊዎች መታሰቢያ እንዲሆን አካፋና ዶማ ጀርባዋ ላይ ይታሰራል። ሁለቱም ሲሮጡ ኖረው ሲያረጁ የሚወስዳቸው ጠፋ። አቶ ምናሉ ጭነት አድርሰው ሲመለሱ በዚያ አልፈው ኖሮ አይተው ማለፍ አልቻሉም።

ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።  ድርቆሹን በትነው ከጨረሱ በኋላ ነው ያወሩኝ። ወደ ሱዳን ሲሰደዱ እናታቸው ታናሽ እህታቸውን አህያ ላይ ጭነው ነበር አሉ። ልጅቷ ወባ ይዟት ራሷን አታውቅም፤ አህያይቱ ግን አንድ ጊዜ እንኳን ሳያደናቅፋት በረሃውን አሻገረቻት። ድንበሩ ላይ መንገድ መሪው አህያይቱን ይዞ ተመለሰ። እህታቸው ዛሬ ሚኒሶታ ነርስ ናት፤ የልጆች እናት። "የአህያይቱን ስም እንኳን አናውቀውም" አሉኝ።

ስመለስ ፀሐይዋ ተራሮቹ ላይ ልትጠልቅ ነበር። አውራ ጎዳናው ላይ ትልልቆቹ ትራኮች መብራታቸውን አብርተው በተርታ ይጓዛሉ፤ ቀስ ብለው፣ አንዱ የሌላውን ጅራት እየተከተለ። ከገለዓድ የሚመጡትን ግመሎች አሰብኩ። ከመካከላቸው በአንዱ አቶ ምናሉ አሉበት ወይ ብዬም አሰብኩ፤ አሁን ተለይቻቸው መምጣቴን ረስቼው።

አህዮቹን ለሆሳዕና ይሰጡናል። ነገር ግን ሩት ከሰው ጋር መልመድ አለባት፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድሄድ ተስማምተናል። የቀረውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

እናትሽ


ሳልት ከተማ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ጠረጴዛው አይመችም። ስለ ቆየሁም ይቅርታ። ኔትወርኩ ሳይሆን እኔ ነኝ። ለጥቂት ጊዜ ከቁፋሮው ወርጄ ከተማ ውስጥ ነኝ። ሥራው በዝቶ ነው ወይ ላልሽው፣ እንደዚያ ነው በይው።

እዚህ መስኮቴ በኮረብታው በኩል ነው። ድንጋይ ቤቶቹ ጠዋት ጠዋት የማር ቀለም ይኖራቸዋል። ብዙ እተኛለሁ፤ ሕልሜ ደግሞ ረጅም ነው። ትናንት የእስማኤላውያኑን ግመሎች አየኋቸው፤ ከገለዓድ ሽቱና በለሳን ከርቤም ጭነው የሚወርዱትን። የወረዱት ግን ወደ ግብፅ አይደለም፤ ፒዮሪያ ስትሪት ነው። በረዶ እየጣለ ነበር። ኮልፋክስ መብራቱ ጋ ሲደርሱ ቀይ ሆነባቸውና ሁሉም በአንድ ላይ ተንበረከኩ። አውቶቡስ ከኋላቸው ቆመ፤ ሾፌሩ ጥሩንባ አልነፋም። አንቺ በሥራ ልብስሽ ከፓርክ ሂል የአረጋውያን መጦሪያ ስትመለሺ መንገዱ ዳር ቆመሽ በባልዲ ታጠጫቸዋለሽ። እንደ ርብቃ ነበርሽ፤ ግን ታርፊያለሽ፣ ወገብሽን ትይዣለሽ። ላግዝሽ ብዬ ልነሣ ስል ነቃሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ በአቡ ሳሊም አህያ ሄድኩ። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሰማዩ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ የወይራ ቅርንጫፎች በላዬ አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ አንድ ጭልፊት በጣም ከፍ ብላ ትዞራለች። ሽማግሌው በዝግታ ያዜሙ ነበር። እሜቴ የተሸከመቻቸው ሰዎችም ይህንኑ ሰማይ አይተዋል ብዬ አሰብኩ።

ሩት ለመደች? አቶ ምናሉስ ዝምታቸውን ቀነሱ?

ልጅሽ


አውሮራ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እድላዊት፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቆንጆ ነው። አላመንኩትም።

አንቺ ልጅ ሆነሽ አባትሽ ፈረስ ላይ ሊያስቀምጥሽ ሲሞክር አንገቱን አንቀሽ የጮህሽ ልጅ ነሽ። እሺ፣ አደግሽ እንበል። ግን የሆነ ነገር ከነከነኝና ለምናሉ አነበብኩለት። አጥሩ ላይ ተደግፎ ሰማኝና "ሰማዩን ነው ያየችው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "ተቀምጦ የሚጋልብ ሰው የሚያየው መንገዱን ነው፤ የእንስሳዋን ጆሮ ነው። ሰማዩን የሚያየው ተጋድሞ የሚጫን ነው" አለ። ከዚያ ፊቱን አዞረ። እህቱን ማስታወሱ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም ድርቆሹ ላይ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ንገሪኝ። አልቆጣም፤ አልጮህም። ስልክ ደውዬ ነበር፤ አታነሺም። ፕሮፌሰሩን ፈልጌ ልጠይቅ ብል አንቺ ሳትነግሪኝ ከባዕድ ሰው መስማት አልፈለግኩም። የታመመ ልጅ ያላት እናት መጠየቅ የለባትም፤ ሊነገራት ይገባል።

ሩት ለምዳለች። ምናሉ አያስገድዳትም። የበረዶ ውሃ ሜዳው ላይ ጅረት ሠርቶ አልሻገርም ስትል አብሯት ይቆማል። እስኪሰለቻት ይቆማል። እኔም ከእነሱ ጋር ቆሜ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ የራሱን ጓንት አውልቆ ሰጠኝ። ሌላ የምጽፈው ነበረኝ፤ ግን ያንቺን ሳልሰማ የኔን አልነግርሽም።

መልሱን ዛሬ እፈልጋለሁ።

እናትሽ


ሳልት ከተማ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ይቅርታ። ደህና ነኝ፤ ይህንን አስቀድሜ ልጻፍ። ደህና ነኝ።

ከዝናቡ በኋላ የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ አብሬው ወረድኩ። ቅልጥሜ ተሰብሯል። የምጽፍልሽ ከሆስፒታል ነው፤ ብረት አስገብተውልኛል፤ ጣቶቼን ማንቀሳቀስ እችላለሁ። ያ ሁሉ ሕልም የማስታገሻው ነው። ስልኩን ያላነሳሁት ድምፄን ሰምተሽ በሚቀጥለው አውሮፕላን እንደምትመጪ ስለማውቅ ነው። እባክሽ አትምጪ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ከጎኔ አልተለየችም፤ ሐኪሙም በግንቦት መብረር ትችያለሽ ብሎኛል።

የወደቅኩ ዕለት አምቡላንሱ መድረስ የሚችለው ሸለቆው ማዶ ድረስ ብቻ ነበር። ጓደኞቼ እንዴት እንደሚያነሱኝ ይከራከራሉ። አቡ ሳሊም አልተከራከሩም። አህያቸውን አመጡ፣ የአፈሩን ቅርጫቶች ፈትተው ጣሉ፣ ሁለት ዱላ ከእግሬ ጋር በራስ ጥምጥማቸው አሰሩ፣ ምንጣፍ አንጥፈው አጋደሙኝ። ዘይትና ወይን አላፈሰሱብኝም፤ ውሃ ግን ከእጃቸው አጠጡኝ። አንድ እጃቸው ደረቴ ላይ፣ አንድ እጃቸው አንገቷ ላይ ሆኖ ያን ገደል ወረድነው። ድንጋዩ ሁሉ ይንከባለላል። እሷ ግን እግሯን ከማሳረፏ በፊት ትጠይቀው ነበር እማዬ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ። ከሥሬ የጀርባዋ አጥንት ይሰማኝ ነበር፤ እኔ ቀለም ነክሬ የምስለው፣ የምለካው አጥንት፤ በሕይወት፣ በሙቀት፣ ከኔ ክብደት በታች ሲንቀሳቀስ።

ከዚያ ወዲህ ስለ እሜቴ ሌላ ነገር አስባለሁ። ምናልባት መሥዋዕት አልነበረችም። ምናልባት አንድ ቀን የዚያን ቤት ሰው ተሸክማ አውርዳለች፤ የታመመ ልጅ፣ ምጥ የያዛት ሴት። ስታረጅ ከቤት ማስወጣት አልሆነላቸው ይሆናል። ማስረጃ የለኝም፤ ወረቀቴ ላይም አልጽፈውም። ላንቺ ግን ጻፍኩት።

እንግዲህ የኔን ሰማሽ። ያንቺን ደግሞ እኔው ልጀምርልሽ። በየካቲት አቶ ምናሉ "እሳቸው" ነበሩ። በመጋቢት "እሱ" ሆነ። አማርኛ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

ልጅሽ እድላዊት


አውሮራ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እድሌ፣

በስልክ ያለቀስነው ይበቃናል። ሳንጣላ ስልክ የዘጋንበት የመጀመሪያ ቀን መሆኑን ልብ ብለሻል? ትኬቱን መለስኩት፤ አንቺ ባትለምኚኝ ኖሮ እመጣ ነበር። ለአቡ ሳሊም የሚሆን ጋቢ ገዝቻለሁ፤ እንዴት እንደምልከው ንገሪኝ።

የጠየቅሽኝን ለመመለስ ይህን ያህል የቆየሁት ሆሳዕና እስኪያልፍ ነው። ትናንት አለፈ።

ቀኑ ብርሃን ነበር፤ ነፋሱ ዘንባባውን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ያስተኛዋል። ምናሉ ኮሎኔልን ሜዳው ላይ ትቶ ሩትን በተሳቢ አምጥቶ ከፓርኪንጉ ዳር አወረዳት። ጀርባዋ ላይ ቀይ ግምጃ አልብሰናታል። ልጆቹ ሲያዩዋት ዝም አሉ።  ሶሲ ቀስ ብላ ቀርባ አፍንጫዋን ነካችና እጇን አሸተተች። እኔ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ሆን ብዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምውል ማውራት ጀምረዋል፤ ወሬውን በአደባባይ ላረጋግጥላቸው አልፈለግኩም።

ካህናቱ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ ሆነው መዝሙሩ ተጀመረ። ሩትም ሄደች፤ የግቢው በር ጋ እስክትደርስ። እዚያ አስፋልቱ ላይ ቢጫ መስመር አለ። መስመሩን አይታ ቆመች። ጎትት አሉት፣ ግፋ አሉት፤ እሱ ግን አብሯት ቆመ፤ እንደ ሜዳው። መዝሙሩ ተቋረጠ። አንዱ ሳቀ። ቄስ ብርሃነመስቀል መስቀላቸውን እንደያዙ ዞረው ይጠብቃሉ። ምናሉን አየሁት፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ገመዱን ሳይጎትት። ሰው እንዳያየው ከኋላ ቆሞ ሳይሰናበት የሚወጣ ሰው ነው እኮ።

እግሬ መቼ እንደተነሣ አላውቅም። በሰው መሃል አልፌ ሄድኩና ነጠላዬን አውልቄ ቢጫው መስመር ላይ አነጠፍኩት። ከዚያ በሩት በሌላው ጎን ቆሜ አንገቷ ላይ እጄን አደረግኩ። አጎንብሳ ነጠላውን አሸተተችው። አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው። ስታልፍ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያወለቁ ከፊቷ ያነጥፉ ነበር። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አስፋልቱ ነጭ ሆነ። በሕልም ውስጥ እንደምሄድ ነበርኩ፤ እሱ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል፣ በመካከላችን እሷ። ማንም ያን ጊዜ ስለኛ ያወራ አይመስለኝም። ቢያወሩም አልሰማሁም።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። በመጋቢት መጀመሪያ አጥሩ ጋ ቆመን ሳለ "አረጋሽ፣ የቀረውን መንገድ አብረን ብንሄደው ምን ይመስልሻል?" አለኝ። እኔም ልጅ አለችኝ አልኩት። "አውቃለሁ፤ የምታነቢልኝ ደብዳቤዋን እኮ ነው" አለ። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁትም፤ እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

አባትሽ ሲሞት በሁለታችን መካከል ያለውን ስሙን እንዳንነካው የተማማልን ይመስል ዝም አልን። መኮንንን ጥሩ አድርጌ ወድጄዋለሁ፤ ፎቶውም ከግድግዳው አይወርድም። ምናሉ ራሱ አይቶት "መልከ መልካም ነበር" አለ። ፈቃድ አልጠይቅሽም፤ ትልቅ ሴት ነኝ። ግን አንቺ ፊትሽን አዙረሽብኝ እዚያ ሜዳ ላይ ቤት ብሠራ ቤቱ አይሞቀኝም። የሚሰማሽን ጻፊልኝ። የሚያምረውን ሳይሆን የሚሰማሽን።

እናትሽ አረጋሽ


አማን፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ምናሉ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረስዎ። ሳንተዋወቅ በመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴ ይህንን ደብዳቤ ስትሰጥዎ ታሽጎ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ፎቶውን ሳታነብ አትማ እንድታሽገው አስምያታለሁ፤ ግን አላምናትም።

የሚሰማሽን ጻፊልኝ ብላኝ ነበር። ጽሑፏ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ደስ አላለኝም። ለርስዎ እንዳልዋሽ ነው የምነግርዎ። ስልኬን ገልብጬ ዋልኩ። ሰባት ዓመት ስለ አባቴ ከእናቴ ጋር አላወራሁም ነበር፤ ባላወራሁ ቁጥር ያለ ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ለእግር ልምምድ በመጣሁበት የአማን ሆስፒታል ክራንቼን ይዤ መራመድ ስለማመድ ነርሷ በአንድ ጎኔ ሆና "ክብደትሽን ልቀቂ፤ እኔ አለሁ" አለችኝ። እናቴ ይህንን የሚላት ሰው አጥታ እንደኖረች ያኔ ታየኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ስታነሳ፣ ስታስተኛ ውላ ቤት ገብታ ብቻዋን ጫማዋን ታወልቃለች። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ጉልበትሽ እንዴት ነው እላታለሁ፤ ከባሕር ማዶ።

ስለዚህ ጉልበቷን ልንገርዎት፤ እሷ አትነግርዎትም። የሚያማት የግራው ነው። ሲያማት ወሬ ታበዛለች። ደክሞኛል ማለት አትወድም፤ "ትንሽ እንቁም፣ ተራራውን ልየው" ካለች ደክሟታል ማለት ነው፤ ተራራውን አብረዋት ይዩት። ሻይ ላይ ስኳር የለም ትላለች፤ ከሰው ኩባያ ግን ትጠጣለች። ስትቆጣ ሰላሳ ዓመት ያስተማረች ትመስላለች፤ ያስተማረችው ጥቂት ነው፤ አይፍሯት። አባቴን ሲያነሱባት አትከፋም፤ እንዲያውም ያንሱት። እኛ ሁለታችን ያቃተንን እርስዎ ፎቶውን አይተው በአንድ ቃል አቀለሉልን።

በደብዳቤዬ ውስጥ ተጋድሜ እንደነበር ያወቁት እርስዎ ነዎት። እናቴ ያንን ስትጽፍልኝ ፈርቼም ነበር፣ ተጽናንቼም ነበር። ሜዳ ላይ የቆመ የማላውቀው ሰው ሕመሜን ከሰማይ ላይ አነበበው። እህትዎን ሰላም ይበሉልኝ። እሷና እኔ የምናወራው ይኖረናል ብዬ አስባለሁ።

ለእናቴ የምለውን ለብቻዋ ጽፌያለሁ፤ አጭር ነው፤ እሺ የሚል ነው። ሠርጉን ግን ያቆዩልኝ። በግንቦት መጨረሻ ዴንቨር እገባለሁ። በክራንች ስወጣ ስታየኝ መሮጧ አይቀርም፤ ክንዷን ይያዙልኝ።

አቶ ምናሉ ብዬ ነው የጀመርኩት። አሁን ልጨርስ ስል ቃሉ ራቀብኝ። አባዬ የምለው አንድ ሰው ነበር፤ ያ ስም የእሱ ሆኖ ይቀራል። ለርስዎ ሌላ ፈልጌ አንድ አግኝቻለሁ። ቅር ካላለዎት፣ ጋሼ፣ አየር ማረፊያው ላይ እንገናኝ።

እድላዊት መኮንን